ወፍ የሚያርፍበት ደረቅ ዛፍ

«እኔን ማን ከሰው ቆጥሮኝ! ስብሰባው አልቆ፣ ተፈርሞ፣ ተጨብጭቦ፤ እኔ በመጋዙ ጩኸት ልስማ?»

አሮጊቷ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ዳገቱን ይወጣሉ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ደን ከከብትና ከመጥረቢያ ጠብቀዋል። የደኑ ማኅበር ግን ፊደል ያልቆጠረን ሰው ለዘብ እንጂ ለምክር አይፈልግም።

ከደኑ ጫፍ የቆመው ደረቅ ዛፍ ግንዱ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ቆራጩ የሞተር መጋዙን አስነሥቶ ያሞቃል። አሮጊቷ አልፈውት ሄዱና ጀርባቸውን ለግንዱ ሰጥተው ቁጭ አሉ።

«አጥፋው!»

አጠፋው።

ሊቀመንበሩ፣ የሟች ባላቸው ታናሽ ወንድም፣ እየሳቀ ቀረበ። «ኧረ ይነሡ እትዬ። ዛፉ ከሞተ ሦስት ዓመቱ እኮ ነው። ቆሞ ምን ይሠራል? ለቢሯችን በርና መስኮት ይሁን ተብሎ ተወሰነ።»

«አንተም ሥራ ከፈታህ ስንት ጊዜህ፤ ማን ቆረጠህ?»

ቆራጩ ሳቁን በእጁ አፈነ።

ወጣቷ የችግኝ ባለሙያ ጎንበስ አለችላቸው። «እማማ፣ ደረቅ ዛፍ ዘርም የለው፣ ጥላም የለው። እኛን የቸገረን የተቃጠለውን ዳገት የምናለብስበት የወይራ ችግኝ ነው።»

«ዘርተሽ አልነበር እንዴ?»

«ሁለት ዓመት፣ ሦስት መደብ።»

«ስንቱ በቀለ?»

ባለሙያዋ ጫማዋን አየች። «አንድም። የዘሩ ቅርፊት ድንጋይ ሆነብኝ።»

«ነይ ተንበርከኪ። የወፍ ኩስ ነው፣ አይነክስሽም።»

አሮጊቷ ደረቁን ሣር በጣታቸው ገለጥ አደረጉት። ሁለት ቅጠል ያወጣች ክር የምታህል የወይራ ቡቃያ። ከጎኗ ሌላ። ከዚያ ወዲያ ሌላ፣ ሌላ።

«ወፍ ማዶ ወይራውን ይለቅምና ለመቀመጫ ራቁት ቅርንጫፍ ይመርጣል፤ ጭልፊት ሲመጣ ከሩቅ እንዲታየው። እዚህ ቁጭ ብሎ ሆዱን ያቀላል። ድንጋይ ያልሽውን እሱ በሆዱ አለስልሶ ይዘራልሻል። ዛፉን ስትቆርጡት የት ይረፍላችሁ? ቢሯችሁ ጣሪያ ላይ?»

ባለሙያዋ በአራት እግሯ እየዳኸች መቁጠር ጀመረች። አርባ ሁለት ላይ ጠፋባትና እንደ አዲስ ጀመረች።

ሊቀመንበሩ ሳቁን ትቷል። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩንም?»

«መቼ ጠየቃችሁኝ? ዘብ ቁሚ አላችሁኝ፤ ቆምኩ።»

«ግን እኮ ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል…»

«የኔን ፊርማ አውጡልኝ» አለች ባለሙያዋ፣ ቀና እንኳ ሳትል። «እንደዚህ ያለ ደረቅ ዛፍ በየዳገቱ ነው የሚያስፈልገን። ከሌለም ግንድ ተክለን እናቆማለን።»

ሊቀመንበሩ ዛፉን ሽቅብ አየው። ከአንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ሦስት ወፎች ቁልቁል ያዩታል። ራሱን አከከና ወደ ቆራጩ ዞረ። «መጋዝህን ሰብስብ በቃ። በሩን ከሌላ እናሠራለን።» ይህን ብሎ አሮጊቷን ሊያነሣ እጁን ዘርግቶ አንድ እርምጃ ጠጋ አለ።

«እግርህን አንሣ!»

ደንግጦ አንድ እግሩን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቀረ። ከጫማው ሥር አንዲት ቡቃያ ተጋድማለች።

«እኔን ማንሣቱ ይቆይህ» አሉት አሮጊቷ። «መጀመሪያ ተንበርከክና እሷን በእጅህ አቅናልኝ።»