ያልጮኸው ክላክስ

ሰፈሩ ጋሽ ቮልት ነው የሚለው። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለነበረ ብቻ አይደለም፤ የነካውን ሁሉ ስለሚነዝር ነው። ጡረታ ወጥቶም አልበረደለትም።

ግቢው ውስጥ ሁለት መኪና አለ። አንዷ ሚስቱን ሳያገባ የገዛት አሮጌ ናት፤ ቀለሟ የተላጠ፣ ዳሽቦርዷ ተፈቶ ሽቦዋ እንደ አንጀት የተዘረገፈ። ሌላዋ ልጁ የገዛችለት የኤሌክትሪክ መኪና ናት። ይቺን አይወዳትም።

«ድምፅ የላት፣ ጭስ የላት፣ እንደ ድመት ነው የምትሄደው። ውሸታምም ናት» ይላል።

ውሸታም የሚላት በቻርጅ ነው። እየሞላች እያለ ሶኬቱ ጋ ያለው መብራት ሰማያዊ፣ ሞልታ ስትጨርስ አረንጓዴ እንደሚሆን ልጁ ደጋግማ አሳይታዋለች። እሱም አረንጓዴ ሆነ ብሎ ነቅሎ ይወጣል፤ ገበያ ሳይደርስ ቀጥ ትልበታለች። ሁለት ጊዜ ተጎትቶ ገብቷል።

አሮጌዋን ግን ለልጁ ቃል ገብቶባታል። ያደገችው እዚያች መኪና የኋላ ወንበር ላይ ነው። ሽቦ መለየት ያስተማራትም እሱ ነው፤ ዛሬ እሷም የዚሁ ሙያ ሰው ናት። «ቅዳሜ መጥተሽ ልጆችሽን ጭነሽባት ትሄጃለሽ» ብሏታል። ጋሽ ቮልት ደግሞ ቃሉን ከሚበላ ሽቦ ቢበላ ይመርጣል።

ችግሩ፣ አንድ ሰው መኪናዋን እየነካካበት ነው።

ማክሰኞና ሐሙስ ለወገቡ ሐኪም ጋ ይሄዳል። ሲመለስ እሱ ያሰረው ሽቦ ተፈቶ፣ ሌላው በቦታው ገብቶ ያገኘዋል። እየተሳደበ እንደነበረው ይመልሰዋል። ሐሙስ ሲመጣ፣ ያው። ባለፈው ሳምንትማ መልሶ አስሮ መብራቱን ቢያበራ ከፊውዝ ሳጥኑ ጭስ ወጣ።

«ከነነፍሴ ሊያቃጥለኝ ነው!»

«ማን?» አለች ሚስቱ፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል።

«ማን ይሆናል? ያ ዝምተኛ ነዋ!»

ዝምተኛው ከአጥሩ ወዲያ ያለ ጎረቤት ነው። ሃያ ዓመት አብረው አንድ ጋራዥ ሠርተዋል። ከአራት ዓመት በፊት የአንድ ደንበኛ መኪና ከጋራዡ ወጥታ ብዙም ሳትርቅ ዳሽቦርዷ ተቃጠለ። ጋሽ ቮልት ሰው በተሰበሰበበት «ያንተ እጅ ነው!» አለው። ዝምተኛው ከቃጠሎው የተረፉትን ሽቦዎች አየ፤ ጋሽ ቮልትን አየ፤ ከዚያ የመሣሪያ ሳጥኑን አንጠልጥሎ ወጣ። ትንፍሽ አላለም።

«ጥፋተኛ ባይሆን ዝም ይል ነበር?» ይላል ጋሽ ቮልት እስከ ዛሬ። ከዚያ ወዲህ የእግዜር ሰላምታ እንኳ የላቸውም።

«አንቺስ? ቀኑን ሙሉ እዚህ ተጎልተሽ ሰው ሲገባ አታዪም?»

«ማንም አልመጣም።»

«ውሻውስ? ቅጠል ወደቀ ብሎ ሰፈር የሚያምሰው ውሻ ምነው ምላሱ ታሰረ?»

«እኔ ምን አውቄ? እሱኑ ጠይቀው።»

«አንቺማ ምን አለብሽ! ያቺን አረንጓዴ ሻሽሽን ጠምጥመሽ በእኔ መሳቅ ነው!»

«አረንጓዴ ሻሽ የለኝም» አለች። አልሳቀችም።

ዓርብ ከሰዓት ወጥመዱን ሠራ። የክላክሱን ሽቦ ከሾፌሩ በር ጋር አገናኘው፤ በሩን የከፈተ ሌባ ሰፈሩን ሁሉ በራሱ ላይ ይጠራል ማለት ነው። ሚስቱ እንዳትሰማ ሳይሞክረው ተወው።

ቅዳሜ ጠዋት ጮክ ብሎ «ልጄን ከመናኸሪያ ልቀበል፤ እስከ ምሳ አልመለስም!» አለና በኤሌክትሪኳ ወጣ። ልጁን እንደተቀበለ ግን በቀጥታ ወደ ቤት። መንገድ ላይ ሁሉን ነገራት።

«ፖሊስ ነው የምጠራበት። በስተርጅናው እስር ቤት ይበሰብሳታል!»

«አባዬ፣ እሱ እኮ ለእኔ አጎቴ ማለት ነው። እንዲህ አያደርግም።»

«አያደርግም? በገዛ ዓይንሽ ታዪዋለሽ!»

ጋሽ ቮልት ለመጀመሪያ ጊዜ የመኪናዋን ድመትነት ወደደው። ግቢው ሲገቡ የሰማቸው የለም። ውሻው ጅራቱን እየቆላ ተጋድሟል። የአሮጌዋ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ክላክሱ ግን ጭጭ። ከመሪው ሥር ሁለት እግር ወጥቷል።

«ያዝኩህ! እጅ ከፍንጅ!» ጋሽ ቮልት ወገቡን ረስቶ ሮጠ። «ክላክሴንም ገደልከው? አንተ አቃጣይ!»

ዝምተኛው ፒንሳውን እንደያዘ ቀስ ብሎ ወጣ። በረንዳው ላይ ወደቆመችው ሚስትየዋ አየ። እሷ መሬት መሬቱን ታያለች።

«ተናገራ! ዛሬም ምላስ የለህም?»

«አንድ ቀርታኛለች» አለ ዝምተኛው።

«ሰማሽው፣ ልጄ? አፉን ሞልቶ አንድ ቀርታኛለች ይለኛል! ግቢ፣ ገብተሽ የሠራውን እዪ። ምስክሬ አንቺ ነሽ!»

ልጅቱ ከመሪው ሥር ገባች። ቆየች። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ስትነካ እጇ ብቻ ይታያል። ጋሽ ቮልት ስልኩን አውጥቶ የፖሊስ ቁጥር ይፈልጋል።

«ሁሉም ቦታ ቦታው ነው» አለች ከውስጥ። «የቀረችው የክላክሷ ናት።»

«ሳያበላሽ ደርሼበት ነዋ!»

ልጅቱ ከመሪው ሥር አንገቷን ብቅ አደረገች።

«አባዬ፣ እግርህ ሥር ሁለት ቁራጭ ሽቦ አለ። ሰማያዊውን አቀብለኝ።»

ጋሽ ቮልት ጎንበስ አለ። ዕድሜ ልካቸውን ሽቦ ሲለዩ የኖሩ ጣቶች አላመነቱም፤ አንዱን አንስተው ዘረጉላት።

ልጅቱ አልተቀበለችውም።

«አባዬ… ይሄ አረንጓዴው ነው።»