ዕጣ የወጣባት ደሴት

በዚያ ዘመን አውሎ ነፋስን መምራት እንጂ ማጥፋት አይቻልም ነበር። ስለዚህ ሰባቱ ደሴቶች በየዓመቱ ዕጣ ይጥሉ ነበር፤ የወጣባት ደሴት ሰዎቿን አስወጥታ ነፋሱን ትቀበል ነበር። በዚያ ዓመት ዕጣው በአቶ ደርበው ደሴት ላይ ወጣ።

ነፋሱን የምትመራው ልጃቸው ትርንጎ በጀልባ ልትወስዳቸው ስትመጣ፣ የቤታቸውን በር ነቅለው ተሸክመው አገኘቻቸው።

«አባዬ፣ በር ምን ያደርግልዎታል?»

«እናትሽ ሙሽራ ሆና የገባችበት ነው። ቤቱን ለነፋሱ ስጪው፤ ይህን ግን አልሰጥም።»

ትርንጎ በሩን በአንድ በኩል ያዘችላቸው።

በማግስቱ ጠዋት ነፋሱን ወደዚያች ደሴት አዞረችው። የተወለደችበት ቤት ጣሪያ ሲገነጠል ነፋሱን ከምትመራበት ክፍል ሆና በማያ ገጹ አየች። ቀትር ላይ ወደ ቤቷ ስትመለስ አባቷ ቁጭ ብለው ይጠብቋት ነበር።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

«ሰው ተጎዳ?»

«አንድም ሰው አልተጎዳም።»

አቶ ደርበው «በይ ነይ፣ ምሳሽን ብዪ» አሏት።