የገንዳው ጸጉር

ልጅየው ከሆቴል ክፍላቸው መታጠቢያ ገንዳ ያነሳውን ረጅም ጸጉር በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አስተዳዳሪው ፊት አወዛወዘው፤ እናቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። "የሀብታም ሆቴል ነው ብላችሁ አመጣችሁን! ሊፍቱ አይሠራም፣ ቧንቧው ዝገት ይተፋል፣ እሺ ቻልነው። ይሄ ግን ምንድን ነው? እናቴን እኮ ነው ያመጣሁት!"

አስተዳዳሪው በሩ ጋ ወደቆመችው የጽዳት ሠራተኛ ዞረ። ነፍሰ ጡር ናት፤ ቀኗ ደርሷል። "ዛሬ ይሄን ክፍል ያጸዳሽው አንቺ ነሽ?"

"አዎ" አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች።

እናት ግን እውነቱን ታውቃለች። ጠዋት ስታለከልክ አይታት፣ "በይ አረፍ በይ ልጄ፣ እኔ ቤቴ የማልሠራው ሥራ መሰለሽ?" ብላ መወልወያውን የቀማቻት እሷ ናት። ገንዳውንም በዚያ በደከመ ዓይኗ ያጠበችው እሷው ናት። ልትናገር አፏን ከፈተችና አፈረች፤ መልሳ ዘጋችው።

"በቃ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ" አለ አስተዳዳሪው።

ነፍሰ ጡሯ ወደ እናት ዞራ፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ" አለቻት።

ይሄኔ እናት ብድግ አለች። "እኔ ነኝ! ፈጣሪ ምስክሬ ነው፣ ያጸዳሁት እኔ ነኝ!"

ልጇ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ከዚያ ሳቀ፤ ንዴቱም በረደለት። "አይ እማዬ! አዩልኝ አይደል? ለሰው አዝና በራሷ ላይ ትዋሻለች" አለና አቅፎ ግንባሯን ሳማት። አስተዳዳሪውም አንገቱን ሰበር አድርጎ እጅ ነሳት፤ ከዚያም ለነፍሰ ጡሯ በሩን አሳያት።