በአራተኛው መስመር ላይ ያለው ስም

ሻጯ ስጋ የታሸገበትን ትኩስ ዳቦ ስትጠቀልል የዊኒፍሬድ ዓይን ወረቀቱ ላይ ቀረ። የለንደን ካቶሊኮች ንጉሡን ሊገድሉ አሲረዋል የሚለው በራሪ ወረቀት ነበር። አራተኛው መስመር ላይ «ልብስ ሰፊው አምብሮዝ» ይላል፤ ባሏ ነው። ወረቀቱን አምና እዚሁ ገበያ ውስጥ ሰው እየተጋፋ ገዝቶት ነበር። በማግስቱም ወታደሮች መጥተው አምብሮዝን መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ወሰዱት።

«በሌላ ነገር ብትጠቀልዪው...» አለች ዊኒፍሬድ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ምነው እህቴ፣ ንጹሕ እኮ ነው» አለች ሻጯ ዱቄት የነካው እጇን ሽርጧ ላይ እየጠረገች። «አታሚው ነው በሸክም አምጥቶ የጣለልኝ። ሴራው ውሸት መሆኑ ከታወቀ ወዲህ የሚገዛው አጥቶ አይጥ ሊበላበት ነበር። አምና እኔም አንብቤው የጎረቤቶቼን በር ስሰልል ከረምኩ፤ ምን ዓይነት ጅል ነበርኩ።»

ከኋላ ተራ የሚጠብቁት ሽማግሌ «አንቺ ብቻ መሰልሽ?» ብለው ሳቁ። «እኔማ የገዛ ጫማ ሰሪዬን ጠርጥሬ ክረምቱን በቀዳዳ ጫማ ነው የገፋሁት።» ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ወረቀቱን ግን ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። ዊኒፍሬድ የዳቦው ስብ ቀስ እያለ ከርዕሱ ወደ ታች ሲወርድ፣ አራተኛውንም መስመር ሲያረጥበው አየች። ሻጯ ወረቀቱን ልትቀይርላት እጇን ዘረጋች።

«ተዪው» አለች ዊኒፍሬድ፤ ባሏ ከታሰረ ወዲህ ድምጿን ሳትቀንስ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። «እስር ቤት ነው የምወስደው። ባሌ ምሳው በምን እንደተጠቀለለ ይይ።»