የልብስ ሰፊው እጅ

ብየዳ ሠራተኛው እህቱን እናትም አባትም ሆኖ ነው ያሳደጋት። ለልብስ ሰፊው ሲድራት ሙሽራውን ገለል አድርጎ አንድ ነገር ብቻ ነገረው። «እሷን ካስለቀስካት እኔና አንተ ሆድና ጀርባ ነን።» ሰፊው ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ሁለት ዓመት በሰላም አለፈ። ከዚያ ልጅቷ መለወጥ ጀመረች። ፊቷ ክብ ሆነ፣ ቀላ፤ ስታለቅስ ያደረች ትመስላለች። ሆዷ ገፋ። ወንድሟ ሊጠይቃት ቤቷ ሄዶ «አረገዝሽ እንዴ?» ሲላት አንገቷን ደፋች። በዚያ ሙቀት እጅጌው እስከ አንጓዋ የሚወርድ ቀሚስ ለብሳለች። ከወንበር ለመነሳት ጠረጴዛውን በሁለት እጇ መደገፍ ነበረባት።

ውሃ ስታቀብለው እጅጌዋ ተሰበሰበ። ክንዷ በልዟል።

«ምንድነው ይሄ?»

«በሩ መታኝ፣ ጋሼ።»

«ስንት በር ነው ያላችሁ?»

ድንገት ማልቀስ ጀመረች፣ ለምን እንደምታለቅስ እንደማታውቅም ተናገረች። እሱ ግን ምክንያቱ አልጠፋውም።

ሰፊው ከሥራ ሲመለስ የእሷን ቀሚስ በክንዱ አንጠልጥሎ ነበር። «ወገቡን ደጋግሜ አሰፋሁላት» አለ፤ «እጅጌው ደግሞ ጭራሽ ሰፋት። ክንዷ እየመነመነ ሆዷ ብቻ ይጨምራል።» ብየዳ ሠራተኛው ወሬውን አልሰማውም። የሚያየው እጁን ነበር። ቀጭን፣ ንጹህ፣ መርፌ የለመደ እጅ። እዚያው ቁጭ ብሎ ቂሙን ቋጠረ።

ማታውኑ ለሚስቱ ነገራት። «አጣራ እንጂ መጀመሪያ» አለችው። ምኑን ያጣራል? በዓይኑ አይቷል።

አልተጣደፈም። ትንሽ ቀን አሳልፎ «የስፌት መኪናህ እግር ተሰብሯል አሉ፤ አምጣው ልበይድልህ» ብሎ ላከበት። ሰፊው ብረቱን ተሸክሞ፣ ፊቱ በርቶ መጣ። ብየዳ ሠራተኛው በሩን ዘጋና ብረቱን ጨምድዶ በሚይዘው ሞርሳ ውስጥ አስገባ።

«እስቲ ከዚህ በኩል ደግፈህ ያዝልኝ።»

ሰፊው ያዘለት። የሞርሳው እጀታ ዞረ።

«ጋሼ፣ እጄን ያዘኝ!»

«አውቃለሁ። እህቴን ምን እያደረግካት ነው?»

ሰፊው ላብ አጠመቀው። «ታማለች፣ ጋሼ። እንዳልነግርዎት አስምላኝ ነው። ከአንጎሏ ሥር ባለች እጢ ላይ ትንሽ እብጠት ሳትኖር አትቀርም አሉኝ ሐኪሞቹ። ካንሰር አይደለችም፣ ሽንብራ ታክል ይሆናል። ግን ሰውነቷን ያለ ልክ ሆርሞን ታስመርተዋለች። ፊቷ የሚያብጠው፣ ጉልበቷ የሚከዳት፣ ቆዳዋ ሳስቶ በቀላሉ የሚበልዘው በእሷ ነው። ማክሰኞ ኤምአርአይ ትነሳለች።»

«ሽንብራ ናት የምትደበድባት በለኛ።»

«እናቴን! እጄን አንስቼባት አላውቅም።»

ብየዳ ሠራተኛው እጀታውን አጥብቆ አዞረው። የጣቶቹ አጥንት ሲሰበር ድምፁ ተሰማው፤ ደስም አለው። ያን መርፌ የለመደ እጅ ዳግመኛ ማንም አይፈራውም።

ሰፊው እጁን በሸሚዙ ጠቅልሎ ሲወጣ ከበሩ ላይ ዞር አለ። «ማክሰኞን እንዳያሳልፉባት» ብሎ ሄደ። ለጎረቤቱ ሁሉ እጄን መኪና በላው አለ እንጂ አልከሰሰም። ብየዳ ሠራተኛውም «ጥፋት ባይኖርበት ዝም ባላለ» እያለ ልቡን ሞላ።

እህቱን በዚያው ቀን ወደ ቤቱ አመጣት።

«እሱ አንድም ቀን ነክቶኝ አያውቅም» አለችው።

«የተመታች ሁሉ እንደዚህ ነው የምትለው።»

ማክሰኞ ሲደርስ ውሰደኝ ብላ ለመነችው። ባልሽ በፈጠረው በሽታ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት አልንከራተትም አላት። ክንዷ ላይ የነበረው ብልዝ ቢጫ ሆነ፤ ቀስ በቀስም ጠፋ። «አየሽ? እጁ ሲርቅ ገላሽ ዳነ» አላት። በበቀሉ ኮራ፤ እንቅልፉም ጥሩ ነበር።

እሑድ ፀሐይ ትሙቅ ብሎ ወደ ሰገነቱ ሊያወጣት ተነሳ። ደረጃው መሃል ላይ ጉልበቷ ከዳት። ክንዷን ያዝ አድርጎ፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው እየተጠነቀቀ፣ አንድ በአንድ አወጣት። ወደ እሱ ቤት ከመጣች ወዲህ ፈገግ ስትል ያን ቀን ገና መጀመሪያዋ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሚስቱ ልታስታጥባት እጅጌዋን ሰበሰበችላት። ከዚያ ባሏን ጠራችው።

«ይሄን ማን አደረገባት?»

ክንዷ ላይ አራት ጣቶች ወይን ጠጅ ሆነው ወጥተዋል። አውራ ጣቱ ከጀርባ ነው። የብየዳ ሠራተኛው ደም ፈላ።

«በሌለሁበት መጥቶ ነበር?»

«በሩን ማን ከፈተለትና» አለች ሚስቱ። እህቱ ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም።

የዚያን ሰው እጅ ልክ ሊያሳያቸው መዳፉን ምልክቱ ላይ አሳረፈ።

አምስቱም ጣቶቹ ቦታቸውን አገኙ።