ከማይታወቅ ቁጥር

መልእክቱ የገባው ሐሙስ ቀን፣ ኑሪያ ጅቡቲ በተቀጠረችበት ቤት የምሳ ዕቃ እያጠበች ሳለ ነው። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ስልኩን አነሳች። ቁጥሩን አታውቀውም። ፎቶ ነው፤ ከሥሩ አጭር ጽሑፍ አለው።

«ኑሪ፣ እኔ ነኝ። ስልኬን ወስደውብኝ ነበር። የማን ቤት ነው ያለሽው? አድራሻሽን ላኪልኝ።»

ፎቶው ላይ ወንድሟ ሙክታር የአንዲት ነጭ መኪና ኋላ ተደግፎ ቆሟል። ፀሐዩ ዓይኑን አጨናብሶታል። ከስቷል፤ ግን ራሱ ነው። ሙክታር ወደ የመን የተሳፈረባት ጀልባ ከኦቦክ ወደብ ማዶ ከሰጠመች ዓመት ከሁለት ወር ሆኗታል።

ወደ ቁጥሩ ደወለች። ያነሳው ሙክታር አይደለም። ድምፁ የጎረነነ ሰው በዓረብኛ «አንቺ ማነሽ? የት ነው ያለሽው?» አላት። ዘጋችው። ወዲያው መልሶ ደወለ፤ ደገመ። ስልኩን የሩዝ ጆንያው ላይ ጥላ ግድግዳው ድረስ ወደ ኋላ ሸሸች።

በአጥሩ በኩል ወርቄን ጠራቻት። ወርቄ ከጎረቤት ቤት የምትሠራ የአገሯ ልጅ ናት።

«እንዳትመልሺ!» አለች ወርቄ፣ ፎቶውን እንዳየች። «ደላሎቹ ጀልባ ላይ ከማውጣታቸው በፊት የልጆቹን ስልክ ይቀማሉ እኮ። ልጆቹ ሲሞቱ በፎቷቸው እህቶቻቸውን ያጠምዱበታል። ካርቲየ 4 ሰፈር የምትሠራ አንዷ አድራሻዋን ላከች። ‹ወንድምሽ በር ላይ ቆሟል› ብለው አስወጧት። እንደ ወጣች ቀረች።»

ሙክታር ከመሻገሩ በፊት አራት ወር እዚሁ ጅቡቲ፣ አርሂባ ሰፈር አካባቢ መኪና ሲያጥብ ነው የከረመው። የሰው መኪና እየተደገፈ ፎቶ መነሣት ይወድ ነበር፣ የራሱ ይመስል። ያኔ የተነሣው ፎቶ ለመሆኑ ወርቄ አልተጠራጠረችም። ኑሪያም ላለመጠራጠር ሞከረች።

የግቢው በር ተንኳኳ። ኑሪያ ጫማዋን አውልቃ ቀስ ብላ ወደ በሩ ሄደች። ደግሞ ተንኳኳ። በመጨረሻ በቀዳዳው አጮልቃ ስታይ ጫት አምጪዋ ሴት ናት፤ «ሞታችኋል እንዴ?» እያለች ትቆጣለች።

ኑሪያ የፈራችው ደላሎቹን ብቻ አይደለም። ከሚሴ ያሉት እናቷ ዓመት ሙሉ «ሬሳ ሳላይ አላለቅስም» ብለው ሰው ሁሉ ሲለምናቸው እምቢ ብለዋል። ዛሬ ግን ደክሟቸው፣ «ኑሪያ እዚያው ባሕሩ አጠገብ ናት፤ እሷ ሞቷል ካለች ነገ ሰደቃው ይውጣ» ብለዋል። አሥር ሰዓት ላይ ይደውላሉ። ወንድሟን የምትገድለው እሷ ልትሆን ነው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የቤቱ ጌታ ነቢልና ጓደኛው ከበበው ጫታቸውን ይዘው ተቀመጡ። ነቢል የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ከበበው ደግሞ ወደብ ላይ ከመርከብ የሚወርዱ መኪናዎችን የሚረከብ የአዲስ አበባ ሰው። ያገናኛቸው የስፖርት መኪና ፍቅር ነው። ፍቅሩ ከሩቅ ነው እንጂ የነቢል መኪና በሯ ከውስጥ አይከፈትም።

«ከአዲሷ ሞዴል ትርፍ ጎማውን እኮ አነሱት!» አለ ነቢል፣ የቅርብ ዘመድ የሞተበት ያህል አዝኖ። «በምትኩ የጎማ መለጠፊያ!»

«እሱን ተወው። ቀዩ የወንበር ስፌት በትእዛዝ ብቻ ሆኗል። ማሞቂያው ግን ከመኪናው ጋር ይመጣል።»

«የወንበር ማሞቂያ? ለጅቡቲ?»

«ለጅቡቲ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ኑሪያ ሻይ እያቀረበች በሆዷ ትስቅ ነበር። ዛሬ ሻዩን ከብርጭቆው ውጪ ቀዳችው። የነቢል ሚስት ጀዋሪያ አየቻት።

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

ኑሪያ ሁሉንም ነገረቻት። ጀዋሪያ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበች፤ ፊቷ ጠቆረ። ፎቶውን ወደ ባሏ ስልክ ልካ፣ ኑሪያን እጇን ይዛ ወደ ወንዶቹ ክፍል ገባች።

«እስቲ ይሄን እይልኝ፤ ይቺን ልጅ ሊያጠምዷት ነው።»

ነቢል አየ። የልጁን ፊት ግን አላየም።

«አቦ! ይቺማ የድሮዋ ናት» አለ። «ይሄ ቅርጽ ከወጣ አምስት ዓመት ሆኖታል። ድሮ እዚህ ሞልታ ነበር።»

ጀዋሪያ ወደ ኑሪያ ዞረች። «ሰማሽ? የቆየ ፎቶ ነው። አጥፊው የኔ ልጅ። ቁጥሩንም ዝጊው፤ በር ላይ ሳይመጡ።»

ኑሪያ አጠፋችው። ቁጥሩንም ዘጋችው። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ዓመት ሙሉ እናቷን እያጽናናች እሷም በልቧ ስትጠብቀው ኖራለች ለካ። አሁን የሚጠበቅ ነገር የለም።

አሥር ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጮኸ።

«ኑሪዬ፣ ሰዎቹ ተሰብስበዋል» አሉ እናቷ። «ምን ልበላቸው?»

«እማ...» አለች።

«ንገሪኝ እንጂ ልጄ። እኔ ችያለሁ።»

በተከፈተው በር የወንዶቹ ጭቅጭቅ ይሰማል። ከበበው የነቢልን ስልክ ነጥቆ ፎቶውን በሁለት ጣቱ እያጎላ ነው።

«የድሮዋ ናት አልኩህ!» ይላል ነቢል።

«አንተ ድሮም ዓይን የለህም» አለ ከበበው። «ይቺ አዲሷ ናት። ቅርጹን ተወውና የኋላ መብራቱን እየው፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነው። የመጀመሪያዎቹን ባለፈው ሳምንት ከመርከብ ያወረድኳቸው እኔ ነኝ። የዛሬ ዓመት እኮ ይቺ መኪና ገና አልተሠራችም ነበር።»