የፊተኛው ክፍል

አደጋ ሲመጣ የሚተርፈው የአውሮፕላኑ ፊተኛ ክፍል ብቻ ነው፤ በሩ ይቆለፍና ተገንጥሎ በፓራሹት ይወርዳል። ከኋላ፣ ኢኮኖሚ የምንቀመጠው ይህን አውቀን፣ ፈርመን ነው። ዘንድሮ የታማኝ ደንበኛ ነጥቤ ሞልቶ ወደ ፊተኛው ክፍል ሲያሳድጉኝ፣ ቦታውን ለእናቴ ሰጠሁ።

አውሮፕላኑ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቀበቶዬን አጠበቅሁ። እንኳን እሷ እዚያ ሆነች፣ አልኩ።

መጋረጃው ተገለጠ። እማዬ በአንድ እጇ ሳህን ይዛ፣ በሌላው ወንበር እየተደገፈች መጣች።

"እማዬ፣ ተመለሺ! አሁኑኑ!"

"ምን ሆነሻል? ዶሮ ሰጡኝ፤ ብቻዬን እንዴት ይዋጥልኛል?"

የአደጋው ቀይ መብራት በራ። ገፍቼ ልመልሳት ብል፣ ያጠበቅሁት ቀበቶ አልፈታ አለኝ።

"በይ አፍሽን ክፈቺ፣ በሞቴ!" አለች፣ ጉርሻውን አስጠግታ።

ከኋላዋ በሩ ሲቆለፍ ሰማሁ።